ኬላ ላይ የቆመው የጨረቃ አፈር

ቫይዴሂ ስትናደድ አትጮህም። ድምጿ ዝቅ ይልና ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ሚዛን ላይ እንደሚያስቀምጥ ነጋዴ እያስቀመጠች ትናገራለች። ቤንጋሉሩ ከተማ ባለው ወርክሾፓችን አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ስሠራ ያንን ድምፅ የሰማሁት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። በዚያ ዓመት ግን ከኅዳር ጀምሮ ሌላ ድምፅ አልነበራትም ብል አልዋሸሁም።

እኔ ሙኒየላፓ እባላለሁ። በአገራችን የጠፈር መሥሪያ ቤት ቴክኒሽያን ነኝ፤ ብሎን አጠብቃለሁ፣ እበይዳለሁ፣ መሐንዲሶች የሰበሩትን እጠግናለሁ። እሷ መሐንዲስ ናት። ያን ጊዜ ሰው የማይሳፈርባት መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ልንልክ እየተዘጋጀን ነበር። በሆዷ የምትይዘው ደግሞ የሻይ ጠረጴዛ የምታህል ባለ ስድስት ጎማ ተሽከርካሪ ነበረች። ወረቀት ላይ ያላት ስም ረጅም ነው፤ እኛ ግን «ጉንዳኗ» ነበር የምንላት። የጉንዳኗ ጎማዎች የቫይዴሂ ሥራ ነበሩ። ጎማ እንበላቸው እንጂ ከብረት የተሠሩ ናቸው፤ ዙሪያቸውን አፈር የሚቧጥጡ ጥርሶች አሏቸው። ጭቅጭቁ ሁሉ የተነሣው ከእነዚያ ጥርሶች ቁመት ነው።

ጎማዎቹን የምንሞክረው በወንዝ አሸዋ ላይ ነበር። ለቫይዴሂ ይህ እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ሆነባት። አንድ ቀን አለቃችን ራጎታም ቢሮ ገብታ ስትነግረው እኔም የተሰበረ የመስኮት መያዣ እየጠገንኩ እዚያው ነበርኩ።

«የወንዝ አሸዋ ድቡልቡል ነው፣ ሰር» አለችው። «ውሃ ስንት ዘመን ሲያንከባልለው ጠርዙ አልቋል። ጨረቃ ላይ ውሃ የለም። እዚያ ያለው አፈር እንደ ዱቄት የላመ፣ እንደ ብርጭቆ ስባሪ የሾለ ነው። እዚህ ዳገት የወጣ ጎማ እዚያ ሊሰምጥ ይችላል።»

ራጎታም ክፉ ሰው አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት በስብሰባ የደከመ ሰው ነው። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና «ቫይዴሂ፣ ልጄ፣ አሸዋ አሸዋ ነው» አላት።

«ይሄማ ሳምባር ወጥና ረሰም ሾርባ አንድ ናቸው እንደ ማለት ነው።»

ሳቀ። ሳቀና ማመልከቻ ጻፊ አላት። ጻፈች። ማመልከቻው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲንከራተት ስምንት ወር ፈጀ። እሷ በየሳምንቱ ማክሰኞ እየሄደች «የት ደረሰ?» ትላለች፤ በየሳምንቱ «በሂደት ላይ ነው» ይሏታል። በመጨረሻ ፈቃዱ ሲመጣ የጎማው ንድፍ የሚዘጋበት ስብሰባ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ጥርሱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይነካም።

ጨረቃ ላይ ካለው ድንጋይ ጋር የሚመሳሰል ነጣ ያለ ድንጋይ በታሚሎች አገር አንድ መንደር ዳርቻ ይገኛል። የመንደሩ ሰዎች አጥር ያጥሩበታል፣ ፍየል ያስሩበታል፤ ሌላ ጥቅም አያውቁለትም። እኔና ቫይዴሂ ሄደን አንድ የድንጋይ ወፍጮ ቤት ውስጥ ስድስት ቀን ሙሉ አስፈጨነው፤ እሷ በወንፊት እያስነፋች፣ በአጉሊ መነጽር እያየች፣ «ይድገሙት» እያለች። የወፍጮው ሰዎች በመጨረሻ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት «ይድገሙት መጣች!» ይባባሉ ጀመር። ሐሙስ ጠዋት ሠላሳ ቶን ዱቄት በሁለት የጭነት መኪና ጫንን። ፊታችን፣ ቅንድባችን፣ ጆሯችን ውስጥ ሳይቀር ነጭ ሆኗል።

እኛ የተሳፈርንበትን መኪና የሚነዳው ሴላዱራይ የሚባል ታሚል ነበር፤ ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ አፉ የማያርፍ። ሁለተኛውን የሚነዳው የሚስቱ ወንድም ነው። ገና ከመንደሩ ሳንወጣ ወደ እኔ ዞሮ «እናንተ የቤንጋሉሩ ሰዎች» አለኝ፣ «የካቬሪን ወንዝ ውሃ ከለከላችሁን፤ አሁን ደግሞ አፈራችንን ልትወስዱ መጣችሁ?»

«ውሃውን ብንሰጣችሁ ምን ልትዘሩበት ነው? ይሄን ድንጋይ?» አልኩት።

ቫይዴሂ እንኳ ሳቀች። በዚያ ጉዞ የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

የሁለቱ ክልሎች ወሰን አጠገብ ኬላ አለ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ደረስን። ከኬላው ቤት ጎን የቤት ጣራ የሚያህል የአሸዋ ክምር ተቆልሏል፤ ከወንዝ ተሰርቆ ሲወጣ የተያዘ ነው። የማዕድን ተቆጣጣሪው ኢላንጎቫን የሚባል ቀጭን፣ ጢሙን በጥንቃቄ የሚከረክም ሰው ነበር። ሸራውን ገለጥ አድርጎ በጣቱ ነካ አደረገው።

«ምንድን ነው?»

«የድንጋይ ዱቄት» አለ ሴላዱራይ።

«ለምን የሚሆን?»

ቫይዴሂ ከመኪናው ወርዳ መታወቂያዋን ዘረጋችለት። «ለጨረቃ» አለችው።

ሰውየው ሽቅብ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ሴላዱራይ ነው ያየው። «ጠጥታችኋል?»

«እኔ ምን አደረግኩ፣ ሰር? ጨረቃ ያለችው እሷ ናት!»

ቫይዴሂ በትዕግሥት አስረዳችው። የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ አሳየችው። ኢላንጎቫን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አወጣ። «የማዕድኑ አገልግሎት» የሚል መስመር አለው፤ ከሥሩ አራት ሣጥኖች፦ ለግንባታ፣ ለመንገድ፣ ለሲሚንቶ፣ ወደ ውጭ ለሚላክ።

«የትኛው ነው?»

«የትኛውም አይደለም።»

«የትኛውም አይደለም የሚል ሣጥን የለኝም።»

ሴላዱራይ ከኋላ አንገቱን አስግጎ «ወደ ውጭ የሚላክ ይበሉት፣ አማ!» አላት። በእነሱ አገር የተከበረች ሴት ሁሉ «አማ» ናት፤ እናቴ እንደ ማለት። «ከጨረቃ የበለጠ ውጭ የት አለ?»

ኢላንጎቫን ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። ግን ወዲያው ፊቱን ሰብሰብ አደረገና «ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የጉምሩክ ወረቀት አምጡ» አለ።

ቫይዴሂ ሴላዱራይን እንዴት እንዳየችው አልነግራችሁም።

ሰውየው ጉቦ ፈልጎ አልነበረም። ቢሆንማ ቶሎ ይታወቅ ነበር። የፈራ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት አብሮት የሚሠራው ባልደረባው «ለቤተ መቅደስ» የሚል ወረቀት አምኖ አሥር መኪና የተሰረቀ አሸዋ አሳልፎ፣ ከሥራ ታግዶ፣ እስካሁን ቤቱ ተቀምጧል። «እሱን ለአምላክ ብለው አታለሉት» አለን። «እኔን ደግሞ ለጨረቃ ብላችሁ?»

ያኔ ቫይዴሂ ከቦርሳዋ አንድ ጎማ አወጣች። የጉንዳኗ እውነተኛ ጎማ አይደለም፤ ለሙከራ የሠራሁት አምሳያው ነው። ከኬላው ሻይ ቤት ሁለት ትልልቅ ትሪ ተዋሰች። በአንዱ ከተያዘው ክምር አሸዋ አመጣች፣ በሌላው ከመኪናችን ዱቄት። ትሪዎቹን በድንጋይ ደገፍ አድርጋ ዳገት ሠራችና ኢላንጎቫንን ጎማውን በእጁ እንዲያንከባልል ነገረችው። በአሸዋው ላይ ወጣለት። በዱቄቱ ላይ እስከ ግማሹ ተቀበረ። ደገመው፤ ተቀበረ። ሻይ ጠጪው፣ ሾፌሩ፣ የኬላው ዘብ ሁሉ ከበበን። አንዱ «እኔ ልሞክር!» ይላል፣ ሌላው «ቀስ አርገህ ግፋው እንጂ!» ይላል።

ኢላንጎቫን ቀና ብሎ እጁን አራገፈ። «ገባኝ» አለ። «እውነትሽን ነው፤ ይሄ አሸዋ አይደለም። አሁን ልጆቼ እንኳ ቢጠይቁኝ አስረዳቸዋለሁ።»

«እንግዲያው እንሂድ?»

«እኔ ገብቶኛል፣ እህቴ። ወረቀቱ ግን አልገባውም።»

የወረዳው የማዕድን ኃላፊ በእጁ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ካልፈቀደ መኪኖቹ ንቅንቅ አይሉም። ቫይዴሂ ወደ ራጎታም ደወለች። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ የእሱን ድምፅ እሰማለሁ፤ «ደብዳቤ አስጽፋለሁ፣ ግን ፈራሚው ዴልሂ ነው፣ ሰኞ ነው የሚመለሰው» ይላታል። ቀጥሎም በለሰለሰ ድምፅ «ቫይዴሂ፣ እዚህ እኮ አሸዋው አለ» አላት። ስልኩን ዘጋችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግሥቱ ዓርብ ወደ ወረዳው ቢሮ ሄድን። ኃላፊው የለም፤ ልጁን እየዳረ ነው። ሠርጉ ቤት አርባ ኪሎ ሜትር ይርቃል። በአውቶቡስ ሄድን፤ ትናንት የለበስነውን ልብስ እንደለበስን፣ ጸጉራችን ውስጥ ዱቄት እንዳለ። በር ላይ የሮዝ ውሃ የምትረጨው ልጅ እኛን ስታይ ርጭቱን ጨመር ያደረገችው መሰለኝ።

ኃላፊው ነጭ የሐር ሽርጥ ታጥቆ፣ ግንባሩን ሰንደል ተቀብቶ፣ ደስታ ሊያፈነዳው ደርሷል። ቫይዴሂ ወረቀቷን ስትዘረጋ እጇን መልሶ አጠፈና «መጀመሪያ ይብሉ» አላት።

«ጌታዬ፣ ሁለት መኪና ኬላ ላይ—»

«በልጄ ሠርግ ላይ በባዶ ሆዱ ወረቀት የሚያስፈርም የለም። ይቀመጡ!»

ተቀመጥን። የሙዝ ቅጠል ተነጠፈልን። ሩዙ መጣ፣ ወጡ መጣ፣ ጣፋጩ መጣ። እውነቱን ለመናገር እኔ በደንብ በላሁ፤ ፓያሳም ከሚሉት የወተት ጣፋጭ ከዚያ የተሻለ ቀምሼ አላውቅም። እሷ ግን እያንዳንዱን ጉርሻ እንደ መድኃኒት ነበር የምትውጠው። ስንጨርስ ኃላፊው ለዘመዶቹ ሁሉ አስተዋወቀን። «የጨረቃ ሰዎች ልጄ ሠርግ ላይ!» እያለ። አንድ ሽማግሌ አጎት የመንኮራኩሯ መነሻ ቀን በኮከብ ቆጠራ ተመርምሮ እንደሆነ ጠየቃት። አንዲት አክስት አግብታ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ አግብቻለሁ ስትል ልጆቿን አስቆጠረቻት። ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ ለመነሣት ወረፋ ይዘን ቆምን። እስከ ዛሬ በዚያ ቤት አልበም ውስጥ አመድ የመሰልን ሁለት ሰዎች ከሙሽራዋ ቀኝ ቆመን እንገኛለን።

ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ሰውየው ወረቀቱን ተቀበለ። ቆሞ አነበበ። ከዚያ ደስ በሚል የእጅ ጽሑፍ «ለአገር የሚጠቅም ምርምር ስለሆነ ይለፍ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ቫይዴሂ አመሰገነችው።

«ማኅተሙን ግን ቢሮ ነው የሚያስደርጉት» አላት።

«ቢሮው ማን አለ?»

«ጸሐፊው። ቁልፉ እሱ ጋ ነው። ውይ፣ ዛሬ ወደ አገሩ ሄዷል፤ ለሰኞ ይመጣል።»

አውቶቡስ ስንጠብቅ ዝናቡ ጀመረ። የኅዳር ዝናብ በዚያ በኩል እንግዳ አይደለም፤ ሰማዩ የተቀደደ ነበር የሚመስለው። ከመጠለያው ሥር ቆመን ሳለ «ሙኒየላፓ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ያበድኩት እኔ ነኝ?» አለችኝ። በዕድሜ ስለምበልጣት ሁልጊዜ እርስዎ ነው የምትለኝ።

«ያበደ ሰው ይጮሃል፣ ማዳም። እርስዎ አልጮሁም።»

«መጮህ እንዴት እንደሚያምረኝ አያውቁም» አለችና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ስታለቅስ ማየት እንደሌለብኝ ስለገባኝ የአውቶቡስ ሰዓት የተጻፈበትን ሰሌዳ አነበብኩ። ሁለት መስመር ነበር፤ ብዙ ጊዜ አነበብኩት።

ኬላው ስንደርስ ሴላዱራይ መኪናው ላይ ወጥቶ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ በሸራው ላይ የራሱን የመኝታ ፕላስቲክ፣ የሻይ ቤቱን የዳስ ሸራ ሳይቀር ደርቦ በገመድ እያሰረ ነበር። «የኔን አድኛለሁ፣ አማ!» ብሎ ከላይ ጮኸ። ቀጥሎ ድምፁ ቀነሰ። «የአማቼ ሸራ ግን ቀዳዳ ነው። ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ።» ኢላንጎቫንም ዣንጥላውን ዘርግቶ ከሥር ቆሞ ገመድ ያቀብለዋል። ማሳለፍ አይችልም፤ ገመድ ማቀበል ግን ይችላል።

ሰኞ ዕለት ጸሐፊው እኩለ ቀን ሲሆን መጣ። መሳቢያውን ከፈተ፣ ማኅተሙን ቀለም ነካ አደረገና ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ጧ! ለዚያች ድምፅ ነው አራት ቀን የቆምነው።

ማክሰኞ ቤንጋሉሩ ገባን። ሁለተኛውን መኪና ስንከፍት ዱቄቱ ረጥቦ፣ ተጋግሮ፣ ከላይ እስከ ታች ሊጥ ሆኗል። ሙሉውን የሙከራ አዳራሽ መሙላት ቀረ። በደረቀው አንድ ሜትር ተኩል ስፋት፣ ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው መደብ ሠራን። እሱን ለማስተካከል ረቡዕ አለቀ። ሐሙስ ሞከርን፤ ስብሰባው ዓርብ ነው።

ጉንዳኗን፣ ማለቴ ለምድር ሙከራ የሠራናትን መንትያዋን፣ ክብደቷ ጨረቃ ላይ እንደሚሆነው እንዲቀል በገመድ አንጠልጥለን አሥር ጊዜ ዳገት አስወጣናት። በወንዝ አሸዋ ላይ እየተምነሸነሸች የምትወጣውን ዳገት እዚህ ከመሃሉ ስትደርስ ትሰምጣለች። አሥሩንም ጊዜ። ቫይዴሂ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ያለችው ሁሉ እውነት ሆነ። ፊቷ ላይ ግን ደስታ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መስመጧን ትታ መውጫውን ፍለጋ ገባች። ቀጥ አድርገን ወደ ኋላ ስንነዳት ይበልጥ ራሷን ትቀብራለች። በኋላ ግን የግራዎቹን ጎማዎች ትንሽ፣ ከዚያ የቀኞቹን ትንሽ፣ እያፈራረቅን ስናንቀሳቅሳት እንደ ሸርጣን እየተወዛወዘች ወጣች። ቫይዴሂ ይህን ሁሉ በደብተሯ ጻፈችው፤ ስንት ዲግሪ፣ ስንት ጊዜ፣ ስንት ሰኮንድ።

ስብሰባው ውስጥ የገባሁት ጎማውን ይዤ እንዳሳይ ተብሎ ነው። ሰባት ወንዶችና እሷ። ጥርሶቹ በአራት ሚሊ ሜትር ይርዘሙ ብላ ጠየቀች።

«በጠባብ መደብ ላይ፣ በአንድ ቀን የተደረገ አሥር ሙከራ ነው» አለ አንዱ። «ለምን አንድ ቀን ብቻ?»

«አፈሩ ኬላ ላይ ስለተያዘ።»

«ይሄ ቴክኒካዊ ምክንያት አይደለም።»

ሌላው ጥርሱ ከረዘመ ክብደት ይለወጣል፣ የንዝረት ሙከራው እንደገና ይደረጋል፣ ስድስት ሳምንት ይፈጃል አለ። እውነቱን ነው። ይህን ከስምንት ወር በፊት ቢሰሟት ኖሮ ስድስት ሳምንቱ ሞልቶ ተርፎ ነበር፤ እሷም ይህንኑ ነገረቻቸው፣ በዚያ በዝቅተኛ ድምፅ። ሰብሳቢው ራጎታም ነበር። ጠረጴዛውን እያየ «ነጥብሽ ተይዟል» አላት። «ለሚቀጥለው ተልእኮ እናስተካክለዋለን።»

«የሚቀጥለው እንዳለ ማን ነገረዎት፣ ሰር?»

ራጎታም ፋይሉን ዘጋ። ጎማውን ይዤ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ አንዱ አባል እጄ ላይ ያለውን እያየ «የሚያምር ሥራ ነው» አለኝ። አላመሰገንኩትም።

መንኮራኩሯ በሰኔ ተነሣች፣ በነሐሴ ጨረቃ ላይ አረፈች። ያረፈችበትን ቅጽበት መግለጽ አልችልም። ትልልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን ተቃቅፈው ዘለሉ። እኔም ዘልያለሁ። ውጭ መንገዱ ሁሉ ርችት፣ ከበሮ፣ ላዱ የሚባለውን ጣፋጭ የሚያድል ሰው። ቫይዴሂም አጨበጨበች፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። የእሷ ሥራ ገና ሊጀምር ነው።

ጉንዳኗ በመወጣጫው ወርዳ ሁለት ቀን በደህና ሄደች። ሳይንቲስቶቹ የፈለጉት ከአንዲት ትንሽ ጉድጓድ ወዲያ ማዶ፣ ከዳገት በላይ ያለ ጥቁር ቋጥኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዳገቱን ጀመረች። ከማረፊያዋ አርባ አንድ ሜትር ርቃ፣ ከዳገቱ መሃል፣ ጎማዎቹ መዞር ሳያቆሙ መሄዷን አቆመች። ፎቶው ሲመጣ የኋላ ጎማዎቿ እስከ እንብርታቸው ገብተዋል።

ሁላችንም መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ነበርን። ጉንዳኗን የሚነዳው መሐንዲስ «ወደ ኋላ ቀጥ አድርገን እናውጣት» አለና እጁን ወደ ቁልፍ ሰሌዳው ሰደደ።

«አትንካት!»

ቫይዴሂ ነበረች። መጮኋን ያወቅኩት ሁሉም ሰው ዞሮ ሲያያት ነው። «ቀጥ አድርገህ ከነዳሃት ትቀበራለች። በሙከራው አይቻለሁ። ተነሣልኝ።»

ሰውየው ራጎታምን አየ። ራጎታም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ሰውየው ተነሣ። ቫይዴሂ ደብተሯን ገልጣ ተቀመጠች። ግራ፣ ትንሽ። ፎቶ መጠበቅ። ቀኝ፣ ትንሽ። ፎቶ መጠበቅ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። በመካከሉ አንድ ጊዜ ይበልጥ ሰመጠች፤ እኔ የቤተሰቦቼን አማልክት ሁሉ ስም ጠራሁ፤ ቫይዴሂ ግን ገጽ ገልጣ ቀጠለች። መጨረሻ ላይ የመጣው ፎቶ ስድስቱንም ጎማዎች ከአፈሩ በላይ አሳየ። ጭብጨባው ከማረፊያው ቀን አይተናነስም ነበር።

ቋጥኙ ጋ ግን አልደረሰችም። በቀሩት ቀናት ሜዳው ላይ ብቻ እንድትዞር ተወሰነ። ያየችውን አየች፣ የለካችውን ለካች፤ የጨረቃው ምሽት ሲመጣ ቅዝቃዜው ገደላት። ጋዜጦቹ ሁሉ «የተሟላ ስኬት» ብለው ጻፉ። ጎረቤቶቼ የአበባ ጉንጉን አጠለቁልኝ። ቫይዴሂ ለአንድ ሳምንት ያህል ያችን አንዲት የዳገት ፎቶ ኮምፒዩተሯ ላይ ከፍታ አየኋት። ቋጥኙ ከላይ፣ ከጥግ በኩል በደንብ ይታያል። ስድስት ሜትር ቢሆን ነው የሚቀረው።

ከዚያ ሪፖርት የሚጻፍበት ጊዜ መጣ። ረቂቁ ላይ «ተሽከርካሪዋ ባልተጠበቀ የመሬት ሁኔታ ምክንያት ዳገቱን መውጣት አልቻለችም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ቫይዴሂ ይዛው ራጎታም ቢሮ ገባች። በሩ ክፍት ስለነበር እኔ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ።

«ያልተጠበቀ?» አለችው። «እኔ ጠብቄው ነበር፣ ሰር። ጽፌው ነበር። ‹የጎማው ጥርስ አጭር ስለሆነ› ይበሉት።»

«እንዲህ ከተጻፈ ሰው ተጠያቂ ይፈልጋል፣ ልጄ። አገሩ ሁሉ እየጨፈረ ነው።»

«ይጨፍር። እኔ ጭፈራውን አቁሙ አላልኩም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የጠየቅኩት።»

ራጎታም ብዙ አሰበ። እውነት ለመናገር ያሳዝነኝ ነበር፤ ከእሱ በላይ ቢያንስ ስድስት አለቆች ቆመው ይታዩታል። በመጨረሻ እስክሪብቶውን አነሣና አንድ ቃል ጨመረ። «በከፊል ባልተጠበቀ የመሬት ሁኔታ።»

«ከዚህ በላይ ማድረግ አልችልም» አላት።

አልፈረመችም። ሪፖርቱ ከስድስቱ ፈራሚዎች የአምስቱን ብቻ ይዞ ወጣ፤ በስሟ ትይዩ ያለው መስመር ባዶውን ቀረ። ለምን ባዶ እንደሆነ የጠየቀ ሰው መኖሩን አልሰማሁም። ራጎታም በዚያው ዓመት መጨረሻ ጡረታ ወጣ። በሽኝቱ ላይ ንግግር ሲያደርግ ስለ ብዙ ሰው ተናገረ፤ ወደ ቫይዴሂ ሲመለከት ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ሌላ ገባ።

ባለፈው ወር የሚቀጥለው ተልእኮ የንድፍ ሥዕል ወደ ወርክሾፑ ወረደ። እኔ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጎማውን ሳይ ጥርሶቹ በአራት ሚሊ ሜትር ረዝመዋል። «የለውጡ ምክንያት» በሚለው መስመር «አጠቃላይ ማሻሻያ» ተብሏል፤ የፈረመው ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ሰው ነው። ቫይዴሂን ጠራኋት። ቆማ አነበበች፤ የፈራሚውን ስምም አነበበች። ምን ትል ይሆን ብዬ ጠበቅኩ።

«መለኪያውን ያቀብሉኝ» አለችኝ። በሥዕሉ ላይ ያለውን ቁጥር ከደብተሯ ጋር አመሳከረች፣ ደግማ አመሳከረች።

«ልክ ነው» አለች። «ነገ ብረቱን መቁረጥ ይጀምሩ፤ ሐሳባቸውን ሳይለውጡ።»